«ስሙን ስጪኝ፣ ይጠመቅለታል» ላለችሽ ጓደኛሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ የሞርሞን እምነት ተከታይ ናት። አባቴ ባለፈው ዓመት ሳይጠመቅ አረፈ። ወደ እምነት የሚያደላ ሰው አልነበረም፣ ግን መልካም ሰው ነበር። ጓደኛዬ ‹ስሙን ስጪኝ፣ በቤተ መቅደሳችን ይጠመቅለታል። የእግዚአብሔር ፍርድ አንቺ እንደምታስቢው አይደለም› አለችኝ። እኔ ደግሞ ከሞት በኋላ ንስሐ የለም እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ልዩነታችን በትክክል ምንድን ነው? ምንስ ልበላት?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከላይ የትምህርተ ሃይማኖት ጥያቄ ነው። ከሥሩ ግን «አባቴ የት ነው?» የሚል አለበት። ሁለቱንም ሳልሸሽ ለመመለስ እሞክራለሁ።

የማስተምረው ነገረ መለኮት ነው። እኔ ራሴ ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ የሚጋሩትን የቀደመውን የክርስትና እምነት የያዝኩ ሰው መሆኔን ከወዲሁ እወቂልኝ። ያም ሆኖ የጓደኛሽን እምነት እሷ ራሷ «አዎ፣ የኛ እንዲህ ነው» በምትለው መልኩ ካላቀረብኩት መልሴ ዋጋ የለውም። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ስለ ስሙም አንድ ነገር ልበል። ቤተ ክርስቲያናቸው ሙሉ ስሟ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከ2018 ወዲህ መሪዎቻቸው «ሞርሞን» የሚለው መጠሪያ እንዲቀር አጥብቀው ጠይቀዋል። እኔ የተጠቀምኩበት አንቺ ስለጻፍሽው ነው። ለጓደኛሽ ግን ሙሉ ስሙን ብትጠሪላት ደስ ይላታል።

ብዙ ሰው «ሞርሞኖች ሲኦል የለም፣ ሁሉም እኩል ይድናል ይላሉ» ሲል ትሰሚያለሽ። ይህ ልክ አይደለም። ልዩነቱን «የኛ ፍርድ ከባድ፣ የነሱ ቀላል» ብሎ ማጠቃለልም አይቻልም። ዋናው ልዩነት ፍርዱ ሰውን ምን ብሎ ይጠይቀዋል፣ በሩስ መቼ ይዘጋል የሚለው ላይ ነው።

ከሚያስማማችሁ ልጀምር። ሁለታችሁም ክርስቶስ ዳግም እንደሚመጣ ታምናላችሁ። ሙታን በሙሉ ይነሣሉ። አብ ፍርድን ለወልድ ሰጥቷል፤ ይህ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቃል ነው። እያንዳንዱ ሰው ስለ ሥራው ይጠየቃል። እስከዚህ ድረስ እሷና አንቺ አንድ ናችሁ። መንገዱ የሚከፈለው ከፍርዱ ወንበር ፊት ተነሥቶ ሰው ወዴት ይሄዳል ሲባል ነው።

በቀደመው ክርስትና መልሱ ሁለት ነው። በአማርኛ ስናወራ ገነትንና መንግሥተ ሰማያትን፣ ሲኦልንና ገሃነምን እናቀላቅላቸዋለን። ቃላቱ ግን ልዩነት አላቸው። ገነትና ሲኦል ነፍስ ከሥጋ ከተለየች በኋላ የምትቆይባቸው ናቸው። መንግሥተ ሰማያትና ገሃነም ደግሞ ከትንሣኤና ከመጨረሻው ፍርድ በኋላ ያሉት ናቸው። ማቴዎስ 25 ላይ በጎቹ በቀኝ፣ ፍየሎቹ በግራ ይቆማሉ። መሃል ላይ የሚቆም የለም። ለቅጣቱም ለሕይወቱም «የዘላለም» የሚለው ያው አንድ የግሪክ ቃል፣ አዮኒዮስ፣ ነው የተጻፈው። ሉቃስ 16 ላይ ደግሞ በባለጠጋውና በአልዓዛር መካከል ታላቅ ገደል አለ። ከዚህም ወደዚያ፣ ከዚያም ወደዚህ ማለፍ አይቻልም።

ካቶሊኮች የመንጽሔ ትምህርት አላቸው። እሱም ቢሆን ሦስተኛ መድረሻ አይደለም። እዚያ ያለች ነፍስ መዳኗ የተረጋገጠ ነው፤ የምትቆየው ለመንጻት ብቻ ነው። ኦርቶዶክሶችና ካቶሊኮች ለሞቱት ይጸልያሉ፣ አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች አይጸልዩም። መጨረሻው ሁለት ነው በሚለው ላይ ግን ሦስቱም አንድ ናቸው።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ቤት እንግባ። ቀኑ ፌብሩዋሪ 16፣ 1832 ነው። ቦታው በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ሃይረም በምትባል መንደር፣ የአንድ ገበሬ ቤት ፎቅ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያኗ መሥራች ጆሴፍ ስሚዝና ረዳቱ ሲድኒ ሪግደን መጽሐፍ ቅዱስን እያነበቡ በራሳቸው መንገድ እያስተካከሉ ነበር። ዮሐንስ 5፥29 ላይ ደረሱ። መልካም የሠሩ ለሕይወት ትንሣኤ፣ ክፉ የሠሩ ለፍርድ ትንሣኤ ይወጣሉ የሚለው ነው። እዚያ ላይ ራእይ አየን አሉ። ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። ከእነሱ አንዱ፣ ፊሎ ዲብል፣ ከዓመታት በኋላ የነበረውን ተርኳል። አንደኛው «ምንድን ነው የማየው?» ይልና የሚታየውን ይናገራል። ሌላኛው «እኔም እሱኑ አያለሁ» ይላል። ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። ሲያበቃ ሪግደን ዝሎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ልብ በይ፣ ያነበቡት ጥቅስ ሁለት ወገን ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ጥቅስ ተነሥተው ግን ሦስት የክብር መንግሥታት ይዘው ወጡ። ይህ «ትምህርትና ቃል ኪዳኖች» በሚባለው ቅዱስ መጽሐፋቸው ክፍል 76 ላይ ተጽፏል። ከፍተኛው ሰለስቲያል ይባላል፣ ክብሩ እንደ ፀሐይ ነው። ቀጥሎ ተረስትሪያል፣ እንደ ጨረቃ። ዝቅተኛው ተለስቲያል፣ እንደ ከዋክብት። ይህ ሦስተኛው ስም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም፤ ከስሚዝ የመጣ ቃል ነው።

ማን የት ይገባል? ተለስቲያል የሚገቡት ውሸታሞች፣ አመንዝሮች፣ አስማተኞች ናቸው። የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 21 እነዚህኑ ሰዎች በእሳት ባሕር ነው የሚያስቀምጣቸው። በጓደኛሽ እምነት እነዚህ ሰዎች በዋዛ አይታለፉም። የመናፍስት እስር ቤት በሚባለው ውስጥ የራሳቸውን ዕዳ እየከፈሉ ይቆያሉ፤ የሚነሡትም ከሁሉ መጨረሻ፣ ክርስቶስ በምድር ከሚነግሥበት ከሺህ ዓመቱ በኋላ ነው። ሲነሡ ግን የሚገቡት መንግሥት ክብሩ ከሰው አእምሮ በላይ ነው ተብሎ ተጽፏል። ተረስትሪያል የሚገቡት የተከበሩ፣ ቅን ሰዎች ሆነው በሰው ተንኮል የታወሩ፣ እንዲሁም አምነው በእምነታቸው ያልበረቱ ናቸው። ሰለስቲያል የሚገቡት በክርስቶስ አምነው፣ ሥልጣን ባለው ሰው ተጠምቀው ቃል ኪዳናቸውን የጠበቁ ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ ውጭ የሚቀሩት «የጥፋት ልጆች» ይባላሉ። የእነሱ ዕጣ የውጭ ጨለማ ነው። እዚያ የሚገባው ሰው እውነቱን በመንፈስ ቅዱስ በእርግጥ ካወቀ በኋላ የካደ ብቻ ስለሆነ፣ በጣም ጥቂቶች እንደሆኑ ነው የሚያስተምሩት። ስለዚህ ሲኦል አላቸው፣ ግን ለአብዛኛው ሰው ጊዜያዊ ነው። «መጨረሻ የሌለው ቅጣት» የሚለውንም የሚያነቡት በሌላ መንገድ ነው። በዚያው መጽሐፍ ክፍል 19 ላይ «መጨረሻ የሌለው» የእግዚአብሔር ስም ነው ይላል። ቅጣቱ የእርሱ ስለሆነ እንዲያ ተባለ እንጂ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ማብቂያ የለውም ማለት አይደለም። ከላይ ካነሣሁት ከማቴዎስ 25 ንባብ ጋር ሲተያይ ርቀቱ ይታይሻል።

ይህ ራእይ ለመጀመሪያዎቹ አማኞች ራሳቸው ድንጋጤ ነበር። በኋላ ሁለተኛው መሪ የሆነው ብሪገም ያንግ ካደገበት ትምህርት ጋር ፊት ለፊት እንደተጋጨበት፣ ባይጥለውም ሊገባው እንዳልቻለ ተናግሯል። እና አንቺ ግራ ቢገባሽ አይገርምም።

አሁን አንድ ነገር አስተውዪ። የኛ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ሁሉም መንግሥተ ሰማያት ገባ» ይላል። ጓደኛሽ ግን እንዲያ አትልም። በዚያው ክፍል 76 መሠረት ተረስትሪያል ያሉት ወልድን ያያሉ እንጂ የአብን ሙላት አያገኙም። ተለስቲያል ያሉት ደግሞ የሚጎበኙት በመንፈስ ቅዱስ ነው። አብ ወዳለበት ሊደርሱ አይችሉም። ሰለስቲያል ራሱ ሦስት ደረጃ አለው፤ ላይኛው ላይ ለመድረስ በቤተ መቅደስ የታተመ የዘላለም ጋብቻ ያስፈልጋል። ይህ በ1843 የተጨመረ ትምህርት ነው። ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ ለዘላለም ቤተሰብ ሆነው የሚኖሩት እዚያ ነው።

እኔ እንደማየው ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ቦታ ነው የቀየረው። በቀደመው ክርስትና ያደገ ሰው «ገሃነም እገባ ይሆን?» ብሎ ይፈራል። በጓደኛሽ እምነት ያደገ ሰው ይህን እምብዛም አይፈራም። የሚፈራው «ከእናቴ፣ ከባሌ፣ ከልጆቼ እለይ ይሆን?» የሚለውን ነው። «ስሙን ስጪኝ» ስትልሽ ከዚህ ፍርሃት ልታድንሽ ነው የሞከረችው። በእሷ ቋንቋ ይህ ከባድ ፍቅር ነው። እባክሽ እንደ ድፍረት አትቁጠሪባት።

ፍርዱ የሚጠይቀውም ጥያቄ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የዚያው መጽሐፍ ክፍል 88 የሰለስቲያልን ሕግ መሸከም ያልቻለ የሰለስቲያልን ክብር መሸከም አይችልም ይላል። ማለትም ፈራጁ «የቱን ሕግ መኖር የሚችል ሰው ሆነህ መጣህ?» ብሎ ይጠይቃል። ከመሪዎቻቸው አንዱ ዳሊን ኦክስ በ2000 ባደረገው ንግግር ይህንኑ አጉልቶታል፤ የመጨረሻው ፍርድ የሥራ ድምር ብቻ ሳይሆን ሰው የሆነውን የሚያሳይ ነው ብሏል። እውነቱን ለመናገር ይህ አሳብ ለኛም እንግዳ አይደለም። የጥንቱ መነኩሴ ማር ይስሐቅ በገሃነም ያሉት የሚገረፉት በፍቅር ጅራፍ ነው ይላል። ያው የእግዚአብሔር ፍቅር ለአንዱ ደስታ፣ ለሌላው ሥቃይ ይሆናል።

በኛም ዘንድ ቢሆን ሁሉም በአንድ ልክ አይመዘንም። ሉቃስ 12 ላይ የጌታውን ፈቃድ አውቆ ያላደረገ ብዙ፣ ሳያውቅ ያጠፋ ጥቂት ይገረፋል። የካቶሊኮች የፍሎረንስ ጉባኤ በ1439 ቅዱሳን እግዚአብሔርን ሲያዩ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ፍጹም አድርጎ እንደሚያየው ወስኗል። ስለዚህ «እነሱ ደረጃ አላቸው፣ እኛ የለንም» አይባልም። የኛ ደረጃ ግን በአንድ መንግሥት ውስጥ ነው። ዳር የተቀመጠውም፣ መሃል የተቀመጠውም እግዚአብሔርን ያያል። ከሞት በፊት ባለችው በመጨረሻዋ ሰዓት ያመነው ወንበዴ «ዛሬ ከእኔ ጋር» ነው የተባለው። እኔን ልቤን የሚነካኝ እዚህ ጋ ነው። ድኖ አብን የማያይ ሰው በቀደመው ክርስትና የለም። መዳን ማለት ራሱ እሱን ማየት ነው።

ሦስቱ መንግሥታት የቆሙበት ጥቅስ 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥40-41 ነው። ጳውሎስ እዚያ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት ክብር ያወራል። ምዕራፉን ከቁጥር 35 ጀምረሽ አንብቢው። የተነሣው ጥያቄ «ሙታን በምን ዓይነት አካል ይነሣሉ?» የሚል ነው። መልሱም የሚበሰብሰው በማይበሰብሰው ይለወጣል ነው። ሰዎችን በሦስት መንግሥት ማከፋፈል በቦታው የለም። ለጓደኛሽ ግን ትምህርቱ ከራእዩ እንጂ ከዚህ ጥቅስ ብቻ አልመጣም። ስለዚህ በጥቅስ ብቻ ስትከራከሩ ብትውሉ አትገናኙም። እሷ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ ተጨማሪ መገለጥ አለ ብላ ነው የምትጀምረው።

ወደ አባትሽ ጉዳይ ልምጣ። ትምህርቱ ከየት እንደመጣ ብታውቂ ጓደኛሽን የበለጠ ትረጃታለሽ።

ጆሴፍ ስሚዝ አልቪን የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። በ1823 በ25 ዓመቱ ሞተ። ጆሴፍ ያኔ ገና 17 ዓመቱ ነበር። ሌላው ወንድማቸው ዊልያም እንዳወሳው፣ በቀብሩ ላይ የሰበኩት ቄስ አልቪን የቤተ ክርስቲያን አባል ስላልነበረ ሲኦል መግባቱን የሚያመለክት ነገር ተናገሩ። ሐዘንተኛ ቤተሰብ ፊት። ያ ቃል ከዚያ ቤት አልወጣም። በ1836 ስሚዝ በኦሃዮ ከርትላንድ ሌላ ራእይ አየሁ አለ። ያልተጠመቀው አልቪን ሰለስቲያል ውስጥ ነበር። ወንጌልን ሳይሰሙ የሞቱ፣ ቢሰሙ ኖሮ በሙሉ ልባቸው ይቀበሉት የነበሩ ሁሉ ያንን መንግሥት ይወርሳሉ ተባለ። በ1840 ደግሞ ስለ ሙታን መጠመቅን ማስተማር ጀመረ። መጀመሪያ የተጠመቁት በሚሲሲፒ ወንዝ ውስጥ ነው። ዛሬ በቤተ መቅደሶቻቸው በዐሥራ ሁለት የበሬ ምስሎች ላይ የተቀመጠ ገንዳ አለ። ብዙ ጊዜ ወጣቶች ናቸው ነጭ ለብሰው የሚገቡት። የሟቹ ስም ይጠራል፣ ወጣቱ በእሱ ፈንታ ውኃ ውስጥ ይጠልቃል፣ ይወጣል፤ ከዚያ የሚቀጥለው ስም ይጠራል።

ይህ ሟቹን በግድ ክርስቲያን አያደርገውም። በእነሱ ትምህርት አባትሽ በመናፍስት ዓለም ወንጌል ይሰበክለታል፤ ጥምቀቱን መቀበልም መተውም ይችላል። ለዚህ የሚጠቅሱት 1ኛ ጴጥሮስ 3፥19ን ነው፤ ክርስቶስ በወኅኒ ላሉ ነፍሳት ሰበከላቸው የሚለውን። ልጁን በዚያው ዓመት የቀበረው ስድስተኛው መሪ ጆሴፍ ኤፍ. ስሚዝ በ1918 ይህን ጥቅስ ሲያሰላስል አየሁት ያለው ራእይ የመጽሐፋቸው ክፍል 138 ሆኗል። ክርስቶስ ጻድቃንን መልእክተኛ አድርጎ ሾመ፣ ስብከቱም እስካሁን ይቀጥላል ይላል። የቀደመው ክርስትናም ክርስቶስ ወደ ሲኦል መውረዱን ያምናል። ልዩነቱ መውረዱን አንድ ጊዜ የተፈጸመ ድል አድርጎ መያዙ ነው። የሲኦልን ደጅ ሰበረ፣ አዳምንና የሚጠብቁትን አወጣ። እዚያ የተከፈተ የስብከት አገልግሎት የለም።

1ኛ ቆሮንቶስ 15፥29 ላይ «ስለ ሙታን የሚጠመቁ» ሰዎች መጠቀሳቸው እውነት ነው። ከባድ ጥቅስ ነው፤ አልደብቅሽም። ጳውሎስ ግን «እኛ» አይልም፣ «እነርሱ» ነው የሚለው፤ አድርጉትም አላለም። ዮሐንስ አፈወርቅ በዘመኑ በመናፍቅነት የተወገዘው የማርሲዮን ተከታዮች ያደርጉት የነበረውን ሲገልጽ አንድ ሕያው ሰው በሟቹ አልጋ ሥር ይደበቃል ይላል። ሬሳውን «መጠመቅ ትፈልጋለህ?» ብለው ይጠይቁታል። ከአልጋው ሥር ያለው «አዎ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ እሱን ያጠምቁታል። አፈወርቅ ይህን ያነሣው ስሕተቱን ለማሳየት ነው። የጓደኛሽ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከዚያ የተለየ ነው፤ ነገር ግን የቀደመችው ቤተ ክርስቲያን ጥያቄውን ሰምታ «አይሆንም» እንዳለች ማወቅ አለብሽ።

የጓደኛሽን አባባልም ላርመው። ከሞት በኋላ ያለው ዕድል በነሱም ዘንድ ወሰን አለው። ሰምቶ፣ ገብቶት፣ ሆን ብሎ ለነገ ያሳደረ ሰው በዚህ አይመካም። ሌላው ቅዱስ መጽሐፋቸው መጽሐፈ ሞርሞን ራሱ፣ አልማ በሚባለው ክፍሉ ምዕራፍ 34 ላይ፣ ይህ ሕይወት እግዚአብሔርን ለመገናኘት የመዘጋጃ ጊዜ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ሥራ የማይሠራበት ሌሊት እንደሚመጣ ይናገራል። አንቺ ከልጅነትሽ ከሰማሽው ጋር ቃል በቃል ይቀራረባል። በ1830 በታተመው በመጽሐፈ ሞርሞንና ከሁለት ዓመት በኋላ በመጣው ራእይ መካከል ያለውን ይህን ውጥረት ራሳቸውም ያውቁታል፤ የሚያስታርቁትም አልማ የተናገረው እውነቱን ለሰሙ ሰዎች ነው በማለት ነው።

ስለ ጸጋና ሥራ በአጭሩ። «እኛ በጸጋ፣ እነሱ በሥራ» የሚለው አባባል ለሁለቱም አይሆንም። ትንሣኤ በነሱ ትምህርት ለሰው ሁሉ በነጻ የተሰጠ ነው። ከፍ ያለው ክብር ነው ሥርዓትና መታዘዝ የሚጠይቀው። በኛም በኩል ፍርዱ እንደ ሥራ ነው፤ ሮሜ 2ም ማቴዎስ 25ም ይህንኑ ይላሉ። ፕሮቴስታንቱ ሥራን የእምነት ፍሬ ይለዋል፣ ኦርቶዶክሱና ካቶሊኩ ጸጋና የሰው ፈቃድ አብረው ይሠራሉ ይላሉ።

እንግዲህ አባትሽ የት ነው? የትኛውም ክርስቲያን «እዚያ ነው» ብሎ የመፍረድ ሥልጣን የለውም፤ የአልቪንን ቤተሰብ ያቆሰሉት ቄስ አልነበራቸውም፣ እኔም የለኝም። የካቶሊኮች ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ያለ ጥፋታቸው ወንጌልን ሳያውቁ የቀሩ፣ እግዚአብሔርን በቅን ልብ የፈለጉና ኅሊናቸውን የተከተሉ ሊድኑ ይችላሉ ብሏል። ኦርቶዶክሳውያን አባቶችም እንዲህ ያለውን ሰው ለእግዚአብሔር ምሕረት ይተዉታል። ጠንከር ያሉ ፕሮቴስታንቶች ከዚህ በላይ ይጠነቀቃሉ። ከሞት በኋላ ንስሐ የለም የሚለው ትምህርት ሰው ከሞተ በኋላ ስለሚያደርገው ነው። አባትሽ በመጨረሻዋ ሰዓት በልቡ ምን እንዳለ ግን አንቺም አልሰማሽም፣ እኔም አልሰማሁም። የሰማው ፈራጁ ነው። የእንባሽንም ምክንያት ያውቃል።

ስሙን በተመለከተ ውሳኔው የአንቺ ነው። በራሷ ቤተ ክርስቲያን ደንብም ባለፉት 110 ዓመታት ውስጥ ለተወለደ ሟች የቅርብ ዘመዱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ እምቢ ብትዪ ሥርዓቷን አልጣስሽባትም። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን አልሰጥም ነበር። ጥምቀቱ ይጎዳዋል ብዬ አይደለም፤ የማላምንበትን ነገር በአባቴ ስም ማጽደቅ ስለሚከብደኝ ነው። ዝምድናችሁ እንዳይሻክር ግን በአክብሮት ንገሪያት፦ «ስለ አባቴ ስለተጨነቅሽ ከልቤ አመሰግንሻለሁ። በእናንተ ዘንድ ይህ ምን ያህል ትልቅ ስጦታ እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። እኔ ግን እሱን ለፈራጁ ምሕረት ትቼዋለሁ። ስሙን ለጥምቀት አትጻፊው፤ ስትጸልዪ ግን አስቢው።»